ጦስኝ ሻይ ጀምረናል

የሰኔ ዝናብ ጠንከር ማለት ሲጀምር የአዲስ አበባ የሰፈር ሻይ ቤቶች በራቸው ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ። «ጦስኝ ሻይ ጀምረናል።» «ዝንጅብል በማር፣ ለጉንፋን ፍቱን!» «ስፔሻል ሻይ ከሳምቡሳ ጋር በልዩ ቅናሽ።» «አሥር ሻይ ለጠጣ አሥራ አንደኛው በነፃ።» አንዳንዱ በእስክሪብቶ ተጽፎ ፊደሉ በዝናብ ይፈሳል፤ አንዳንዱ በላስቲክ ተሸፍኖ እስከ መስከረም ይቆያል።

እነዚህ ወረቀቶች በጣም ይማርኩኛል። በአንድ መስመር ውስጥ ንግድ አለ፣ የአየር ጠባይ አለ፣ የዕፅዋት ዕውቀት አለ፣ የሕክምና ተስፋም አለ። ብዙዎቻችሁ «እውነት ይሠራል ወይ?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ዛሬ ዘርዘር አድርገን እንየው። ከየትኛው ቅናሽ ትጠቀማላችሁ? ከየትኛውስ ብርጭቆ ጤና ታገኛላችሁ? መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ የክረምት ሻይ ጥቅም አለው፤ የጥቅሙን ልክ የሚወስኑት ግን የሻዩ ሙቀት፣ የስኳሩ መጠንና የምትጠጡበት ሰዓት ናቸው። ቅመሙ ከነዚህ በኋላ ይመጣል።

በንግዱ እንጀምር። ብርድ ነውና ክረምት ለሻይ ቤት የገበያ ወቅት ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ባለቤቷ የምትጨነቅበት ጊዜ ነው። በረንዳ ላይ የሚደረደሩት ዱካዎች በዝናብ ምክንያት ይነሳሉ፤ ሰፊ የነበረው ቤት ግድግዳ ሥር ወዳሉ ጥቂት መቀመጫዎች ይጠባል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ መምህራኑም፣ ልጅ አድርሰው ቁጭ የሚሉት ወላጆችም ይቀራሉ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ መንገደኛው ታክሲ ፍለጋ ይሮጣል እንጂ አይቆምም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ ማኪያቶና ወተት የሚያዝ ደንበኛ ይቀንሳል። ኪራዩ ግን እንደ በጋው ነው፤ የአሳላፊዋ ደመወዝም እንዲሁ።

ታዲያ ቅናሽ ከየት ይመጣል? ከሻዩ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም ሻይ ለመቀነስ የሚመች ዕቃ ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚፈልገው ደረቅ ቅጠል 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ባለ 100 ግራም ፓኬት ወደ 50 ብርጭቆ ይወጣዋል። አንዴ ማንቆርቆሪያው ከፈላ በኋላ አንድ ብርጭቆ ጨምሮ መቅዳት ለቤቱ ብዙም ወጪ የለውም። ዋናው ወጪ ያለው ኪራዩ፣ ጋዙ ወይም ከሰሉና ስኳሩ ላይ ነው። ስኳሩን ልብ በሉልኝ፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ግን እንደ ሻይ ቅጠል አይደሉም። ጠዋት የተጠበሰው ማታ ካልተሸጠ የባከነ ገንዘብ ነው። ሻይና ሳምቡሳ አንድ ላይ በቅናሽ ሲቀርቡ ቅናሹ ሻዩ ላይ የተደረገ ይመስላል፤ ዓላማው ግን ሳምቡሳው እንዲነሳ ነው። ይህን የምላችሁ ባለቤቷን ለማማት አይደለም። እንዲያውም ጥሩ ነጋዴ የሚያሰኛት ነው። እናንተም ብትሆኑ ሳምቡሳውን መብላት ከፈለጋችሁ በእርግጥ ትቆጥባላችሁ። ካልፈለጋችሁ ግን ሻዩን ብቻ ማዘዝ ይረክሳል፤ በዘይት የተጠበሰ ነገርም አትጨምሩም።

«አሥር ሻይ ለጠጣ» የሚለው የካርድ ቅናሽ ትንሽ ስሌት አለው። አሥር ከፍላችሁ አሥራ አንደኛውን በነፃ ስትጠጡ፣ ለአሥራ አንድ ብርጭቆ የአሥር ዋጋ ከፈላችሁ ማለት ነው። ቅናሹ 9 ከመቶ ገደማ ይሆናል። «ሁለት ለጠጣ ሦስተኛው በነፃ» የሚለው ደግሞ 33 ከመቶ ነው። በወረቀት ላይ ሁለተኛው በብዙ ይበልጣል። ግን ሁለተኛው አንዴ ቁጭ ብላችሁ ሦስት ብርጭቆ እንድትጠጡ ይገፋፋችኋል፤ የመጀመሪያው አሥራ አንዱን ብርጭቆ በሳምንታት ውስጥ ይበትነዋል። ብቻዬን ከሆንኩ ካርዱን እመርጣለሁ። ሦስት ጓደኛ ሆናችሁ ከገባችሁ ግን ሁለተኛውን ያዙ፤ ለየራሳችሁ አንዳንድ ብርጭቆ ይደርሳችኋል፣ ሒሳቡም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ማንቆርቆሪያው እንግባ፤ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። ጥቁር ሻይ ደግሞ ጣዕሙንና ቀለሙን በደንብ የሚለቀው በጣም በሞቀ ውሃ ነው። በጅቡቲ ወይም በጂዳ የፈላ ውሃ ከረጢት ሻይ ላይ አፍስሶ መጠጣት ያዋጣ ይሆናል፤ በእኛ ከተማ ግን ያው ከረጢት ቀጠን ያለ ሻይ ይሰጣል። ስለዚህ ሻይ ቤቶቻችን ቅጠሉንና ቅመሙን ምድጃ ላይ አብረው ማንተክተካቸው ለከፍታው ተስማሚ የሆነ ዘዴ ነው። የጎደለውን ሙቀት በጊዜ ይተካሉ።

ቅመሙም ሁሉ እኩል አይበስልም። ቀረፋ የዛፍ ልጥ ነው፤ ቅርንፉድ የደረቀ እምቡጥ ነው። ሁለቱም ጠጣር ስለሆኑ ሽታቸውን ቀስ ብለው ነው የሚለቁት፣ ቀድመው መግባት አለባቸው። ዝንጅብል ተቀጥቅጦ ከነሱ ጋር ይሄዳል። ጦስኝ ግን ሌላ ጠባይ አለው። መዓዛው ያለው በቀላሉ በሚተን ዘይት ውስጥ ነው፤ ብዙ ካፈሉት ቤቱ ይሸታል እንጂ ብርጭቆው ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ጎበዝ ሻይ አፍይ ጦስኙን መጨረሻ ላይ ጨምራ፣ እሳቱን አጥፍታ፣ ትከድነዋለች። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ጦስኝ ሻይ ካገኛችሁ ያን ቤት አትልቀቁት።

የማፍላቱ ነገር ከጣዕምም ያልፋል። ክረምት ጎርፉ ከቆሻሻ ጋር የሚደባለቅበት፣ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የሚሰጋበት ወቅት ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃን ከጀርም ለማጽዳት ለ3 ደቂቃ ያህል መንተክተክ እንዳለበት የጤና መመሪያዎች ይመክራሉ፤ ቅመም ሻይ ይህን በቀላሉ ያሟላል። የሚያሰጋው ብርጭቆው ነው። በአንድ ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ተለቅልቆ ወዲያው የሚመለስ ብርጭቆ የማፍላቱን ልፋት ከንቱ ያደርገዋል። ሻይ ቤት ስትመርጡ ከወረቀቱ በፊት የብርጭቆ ማጠቢያውን ተመልከቱ፦ ሳሙና አለ? የሚወርድ ውሃ አለ? ይህ ከማንኛውም ቅመም በላይ ለጤናችሁ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቅጠሉ ራሱ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ብዙው ከዝናባማው ደቡብ ምዕራብ ነው። ጉመሮ ኢሉባቦር ውስጥ ጎሬ አካባቢ ነው፤ ውሽውሽ ከፋ ውስጥ ቦንጋ አጠገብ። ፓኬቱ ላይ የምታነቧቸው ስሞች የቦታ ስሞች ናቸው። እኛ ብርድ ብርድ ሲለን የምንጠጣው ቅጠል ያደገው ከእኛም በላይ በሚዘንብበት አገር ነው።

ጦስኝ ግን የደጋ ልጅ ነው። በመንዝና በጣርማበር ከፍታዎች፣ በባሌ ተራሮች፣ በሰሜኑም ደጋ ሣር መካከል መሬት ለመሬት ተጎንብሶ ይበቅላል። በአገራችን ከሚታወቁት ሁለት ዝርያዎች አንዱ ቲመስ ሺምፐሪ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ዕፅዋት እየሰበሰበ ኖሮ፣ አድዋ ላይ በ1878 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ካረፈው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከቪልሄልም ሺምፐር ነው። በጦስኝ ዘይት ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል በላብራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያን ሲያዳክሙ ታይተዋል። የደም ግፊትን ይቀንስ እንደሆነ ለማወቅም በላብራቶሪ አይጦች ላይ ተሞክሯል። ግን ሳህንና አይጥ ሰው አይደሉም፤ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ውስጥ ያለው ዘይትም በጣም ጥቂት ነው። ጦስኝ ሻይ መዓዛው ደረትን የሚከፍት፣ ያለ ሻይ ቅጠል ከተፈላ ደግሞ ካፌይን የሌለው ጥሩ የማታ መጠጥ ነው። በእኔ ግምት ይህ ብቻውን ይበቃዋል። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ግን በጦስኝ አትተኩት።

ካፌይኑን ካነሳን፣ የምሽት ቅናሽ የሚሰጡ ቤቶች አሉ፤ «ከ11 ሰዓት በኋላ ስፔሻል ሻይ በቅናሽ» ይላሉ። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ማታ 12 ሰዓት የጠጣችሁት ሻይ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ግማሽ ካፌይኑ አብሯችሁ ነው። እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ከምሽቱ ቅናሽ ይልቅ ያለ ሻይ ቅጠል የተፈላውን ጦስኝ እዘዙ። ስፕሪስ ለምትወዱም አንድ ነገር፦ ቡናው ከላይ፣ ሻዩ ከታች ተለያይተው የሚታዩት ታችኛው ሻይ በስኳር ስለከበደ ነው። ስኳር የሌለው ሻይ ላይ ቡና ብታፈሱ ወዲያው ይቀላቀላል። ያ የሚያምር መስመር በስኳር የተሰመረ ነው፤ ካፌይኑም ከሁለቱ በኩል ይደመራል።

ዝንጅብል ጉሮሮን የሚያቃጥለው በርበሬ የሚነካውን ያንኑ የስሜት መቀበያ ስለሚነካ ነው። አንጎል «ሙቀት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ለዚህ ነው በብርድ ቀን የሚጣፍጠን። የተሻለ የሳይንስ ማስረጃ ያለው በማቅለሽለሽ ላይ ነው፤ በተለይ በእርግዝና መጀመሪያ ወራት የሚመጣውን ማቅለሽለሽ ያስታግሳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ዝንጅብል አብዝታችሁ ከመጠጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጤና አዳምን ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት እንድትተወው እመክራለሁ፤ ማሕፀንን የማነቃቃት ጠባይ እንዳለው ይታወቃል።

ለውዝ ሻይ የጾም ወቅት ባለውለታ ነው። የተቆላ ለውዝ ተፈጭቶ በውሃ ሲበስል ወተት የመሰለ፣ ፕሮቲንና ስብ ያለው፣ ሆድ የሚይዝ መጠጥ ይወጣዋል። ሻጋታ የነካው ለውዝ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ስለሚይዝ መራራ ወይም እርጥብ እርጥብ የሚል ጣዕም ካለው ተዉት። ለውዝ የማይስማማው ሰው እንዳለም አትርሱ።

ማር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ በተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ስለሆነ። በልጆች ሳል ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ ማር ምንም ካለመውሰድ በተሻለ ሳልን እንደሚያስታግስ ታይቷል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለድንገተኛ ሳል ፀረ ባክቴሪያ ከመጻፍ በፊት ማር ይሞከር ብሏል። እናቶቻችን ከዚያ በፊት ያውቁታል። አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ የነርቭ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ሎሚው መጨረሻ ላይ፣ ሻዩ በረድ ካለ በኋላ ይጨመቅ፤ ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይጎዳል። ጉንፋን ከያዘ በኋላ ቫይታሚን ሲ መውሰድ ሕመሙን እንደማያሳጥር ግን ጥናቶቹ ያሳያሉ።

ታዲያ ጉንፋን ሲይዘን ሻዩ ለምን ያሽለናል? እዚህ ላይ የምወደው አንድ ትንሽ ጥናት አለ። በዌልስ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ የጉንፋን ማዕከል በ2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጉንፋን የያዛቸው 30 ሰዎችን ወስዶ አንድ ዓይነት የፍራፍሬ መጠጥ ለአንዳንዶቹ በትኩሱ፣ ለሌሎቹ በክፍሉ ሙቀት ሰጣቸው። ያልሞቀው መጠጥ የአፍንጫ ፈሳሽን፣ ሳልንና ማስነጠስን አቀለለ። ትኩሱ ግን እነዚህን ብቻ ሳይሆን የጉሮሮ ሕመሙን፣ ብርድ ብርድ ማለቱንና ድካሙንም ወዲያው አቀለለላቸው። መጠጡ አንድ ነው፤ የተለየው ሙቀቱ ነው። አስገራሚው ነገር የአፍንጫው መተንፈሻ በመሣሪያ ሲለካ ለውጥ አልታየበትም፤ የተለወጠው ሰዎቹ የሚሰማቸው ስሜት ነበር። እንግዲህ «ለጉንፋን ፍቱን» ከሚለው ወረቀት ውስጥ እውነቱ ይህ ነው፦ ቫይረሱን አይገድልም፤ ሕመሙን ግን በእርግጥ ያቀልላል። በሐምሌ ብርድ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ለረጅም ጊዜ ጤናስ? በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በብሪታንያ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ስኒ ሻይ የሚጠጡት ከማይጠጡት ይልቅ የሞት ዕድላቸው ከ9 እስከ 13 ከመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኞቹ የሚጠጡት እንደ እኛው ጥቁር ሻይ ነው። ሻዩ ራሱ ነው ያኖራቸው ማለት ባይቻልም፣ ሻይ ወዳድ ለሆነ ሰው መልካም ዜና ነው።

ሙቀት ጥሩ ነው ብልም ገደብ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን «ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም» ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል፤ የሚጎዳው የምግብ መውረጃ ቧንቧን ነው። በሰሜን ምሥራቅ ኢራን ጎለስታን በሚባል ክፍለ ሀገር 50,000 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ በቀን 700 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ሻይ በ60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት የሚጠጡ ሰዎች ለዚህ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት በ90 ከመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ዳርና ዳር በብዛት ይታያል፤ በአገራችን አርሲና ባሌ በዚህ ይታወቃሉ፣ ትኩስ ገንፎና ትኩስ መጠጥም ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች መካከል ናቸው።

ቴርሞሜትር አያስፈልጋችሁም። የሻይ ብርጭቆ እጀታ የለውም፤ ቀጭን መስታወት ነው። ሙሉውን ብርጭቆ በጣቶቻችሁ መካከል ይዛችሁ ሳትለዋውጡ መቆየት ካልቻላችሁ፣ ለጉሮሮም ገና ነው። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጨዋታውም የሚደራው በነዚያ ደቂቃዎች ነው።

አሁን ወደ ስኳሩ። ብዙ ቤቶች ስኳሩን ቀድመው ብርጭቆው ውስጥ አድርገው ነው የሚቀዱት፣ አንዳንዴም ሦስት ማንኪያ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው፤ ሦስቱ 12 ግራም። ያ ማለት በብርጭቆው ውስጥ ካለው የሻይ ቅጠል በክብደት ስድስት እጥፍ ስኳር አለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 ከመቶ በታች ብቻ ከተጨመረ ስኳር እንዲመጣ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 ከመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ይህ ሁለተኛው ገደብ ለአንድ አዋቂ ወደ 25 ግራም፣ ስድስት ማንኪያ ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ብርጭቆዎች እዚያው አደረሷችሁ ማለት ነው። ማርም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። «ሁለት ለጠጣ ሦስተኛው በነፃ» ብቻዬን ስሆን የማልወደው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለሻይ ቤት ባለቤቶች አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ከልቤ ነው። ከስኳር ላይ ቅናሽ አድርጉ። «ስኳር ለማይጨምር ደንበኛ ልዩ ዋጋ» የሚል ወረቀት ለጥፉ። ስኳሩም ወጪያችሁ ስለሆነ አትከስሩም፤ የስኳር ሕመም ያለበት ጎረቤትም ቤቱ እንደታሰበለት ያውቃል። ደንበኛም ብትሆኑ ሳይቀዳ በፊት «ስኳር አሳንሺልኝ» ማለት ልመዱ። ከተቀዳ በኋላ መመለሻ የለውም።

የመጨረሻው ነገር ሰዓቱ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ እንድትይዙልኝ የምፈልገውም ይህን ነው። በሻይ ውስጥ ያሉት ታኒንና መሰሎቹ ውህዶች ከእንጀራ፣ ከምስርና ከጎመን የምናገኘውን ብረት ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክሉታል። ከሥጋ የሚገኘውን ብረት ያን ያህል አይነኩትም፤ ስለዚህ ጉዳቱ በጾም ገበታ ላይ ይበረታል። በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 ከመቶው፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 ከመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። መንስኤው ብዙ ነው፤ ግን ሕፃን ልጅ ጠዋት ዳቦ በሻይ እያጠቀሰ ሲበላ ሳይ ይህ ቁጥር ይመጣብኛል። ለትንንሽ ልጆች ሻይ አትስጡ። እናንተም ምግብ ከበላችሁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ፤ ያ ክፍተት ጉዳቱን በጣም ይቀንሰዋል። ሎሚ ከምግቡ ጋር ብትጨምሩ ደግሞ ብረቱ በተሻለ ይገባል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ የቀኑን ካፌይን ከ200 ሚሊ ግራም አታሳልፉ፤ ትልቅ ስኒ ጥቁር ሻይ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ ቡናውም አብሮ ይቆጠራል። የብረት ክኒናችሁንም በሻይ አትዋጡ።

እንግዲህ ወረቀቱን እንደገና ስታነቡት የትኛው ቃል እንደሚያሳስበኝ ታውቃላችሁ፦ «ፍቱን»። «ጉሮሮ ያለሰልሳል» ቢል ልክ ነው። «ያሞቃል» ቢል ልክ ነው። «ስኳር ያድናል፣ ግፊት ያጠፋል» ከሆነ ግን መድኃኒቱን አቁሞ በሻይ የሚተካ ሰው አይጠፋም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀትም ማስታወቂያ ነው። ባለቤቷ ጎረቤታችሁ ናትና በደግ ቃል ንገሯት፣ ቃሉን ትቀይረዋለች።

የያዛችሁ ሳል ማርና ዝንጅብሉን እየጠጣችሁ ሁለት ሳምንት ከሞላው ደግሞ ሦስተኛውን ሳምንት በሻይ አትጠብቁ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና የቲቢ ምርመራ ጠይቁ። በመንግሥት ጤና ተቋማት ምርመራውም ሕክምናውም በነፃ ነው።